ፈረሰኛው ብቻውን

ገናቸው ካለፈ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣
መላእክቱ ወደ ካርቶን ሲወርዱ ከየግድግዳ፣
«ግማሽ ዋጋ» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎባት፣
አንዲት የቱርክ ደረት አገኘሁ፣ የሚገዛት ሰው ጠፍቶባት።
እኔ ጾመኛ ነኝ፤ የእኔ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል፤
ግን ርካሽ ነገር ገዝተው ቢያኖሩት፣ ከበረዶው ምን ይሄዳል?
ቀበርኳት ከአተሩ ሥር፣ ከዓሣው ከረጢት ጎን፣
የእነሱ ገና ትራፊ፣ የእኔ ገና እንድትሆን።

ድስቱን ያዋሰችኝ ሴቪም ናት፤ ምድር ቤት ልብስ የምታሳጥረው፤
አዝራሩ አሥራ አራት፣ ክዳኑ እንደ ካዝና የሚቆለፈው።
«በእኛ አገር ቱርክ ይሏታል» አልኳት፣ የወፏን ስም ስትጠይቀኝ፤
«እኛን ልትቀቅል?» አለችና፣ ሳቋ ከደረጃው ሊጥለኝ።
«እኛ ሂንዲ ነው የምንላት፣ የህንድ ናት እያልን።»
ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ፣ አዛውንቱ መኔር ኦዲሎን፣
ቆም ብለው ሰሙንና፣ «ካልኩን ነው ስሟ» አሉን፤
«ካሊከት ከሚባል ወደብ፤ መርከበኛ ነው ያወጣላት።»
ታዲያ ወፊቱ የማን ናት?
ሁሉ በሌላ ሰው አገር ሲጠራት፣
ማንም «የእኔ» ሳይላት፣ ሁሉም ቆርሶ በላት።

እኛ ቤት ዶሮ ሲገነጠል፣ አሥራ ሁለት ብልት ነበር፤
ፈረሰኛው ለአባወራ፣ ለሌላው ሌላው ሲቆጠር።
እዚህ ግን ፈረሰኛው መጣ፣ በላስቲክ ታሽጎ ብቻውን፤
ፈረስ የለው፣ ጭፍራ የለው፤ አቃፊም የለው ጎኑን።
ትመርጥልኝ የነበረችው አስናቁም አንትወርፕ ገባች፤
(በክፉ አልተለያየንም። ወንበር ተካፈልን።
ድስቶቹን ይዛ ሄደች።)

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። ለከተማው ተራ ቀን ነው።
ትራሜን አስረክቤ ገባሁ፣ የሌይን ወንዝ ጉም እንዳቀፈው።
ሽንኩርት ከሥር አነጠፍኩ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ጨመርኩ፣
ደረቷን በጌንት ሰናፍጭ፣ በጨውና በቅቤ ለወስኩ፣
ክዳኑን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጢጥ አለ፤ «ሠላሳ» ነካሁ።

ከዚያ ዝም።
የማውቀው ድስት ያወራል፤ ይንተከተካል፣ ይገነፍላል፤
ከፍተው ይቀምሱታል፤ ጨው ሲያንሰው ያስታውቃል።
ይኼኛው ምስጢረኛ ነው፤ እስኪጨርስ አይከፈትም፤
ያጠፋሁት ነገር ካለም፣ አሁን አልደርስበትም።
ሴቪም አስጠንቅቃኛለች፦ «ሲጮህ አትቸኩል፤ ተወው፤
በጉልበት ካስተነፈስከው ሥጋው ይደርቃል፤ ራሱ ይተንፍሰው፤
ትንሿ ብረት ቁልቁል ስትወድቅ፣ ያኔ ክፈተው።»

ሐመልማል ገባች ከትምህርት ቤት፣ ሻርፗን ሳትፈታ ገና፤
«አባ፣ ሥጋ ትቻለሁ፣ ከሰኞ ወዲህ» አለች በትሕትና።
«ዛሬ እኮ ጾም ተፈታ!» «ጾም አይደለም፤ ለወፎቹ ነው።»
ድስቱ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። እኔም አልኩት፦ «ሰማኸው?»

ጎን ለጎን ቆመን፣ ትንሿን ብረት ስናያት፣
«እማዬ አርግዛለች» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅልላት።
እጄ ሳላዘው ሄደና፣ ማስተንፈሻውን ገፋው፤
ነጭ እንፋሎት እያፏጨ ጣሪያውን ሲመታው፣
«በሰላም ይገላግላት» ያልኩትን
እንኳን እሷ፣ እኔም አልሰማሁ።

ደረቷን አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጥኳት፤ ስም ሰጠኋቸው፤
ይኼ አንገት፣ ይኼ ክንፍ፣ ይኼ ቅልጥም፤ ሁሉም አንድ ሥጋ ናቸው።
«ሽንኩርቱስ ሥጋ ነው?» አለች ሐመልማል፣ አሰበች ቆማ፤
«ከሥር ነበር፤ ጥፋት የለውም» ፈርዳ፣ በዳቦ በላች ደግማ ደጋግማ።
ክንፉን ለኦዲሎን ላክሁ፤ ሁለቱን ለአንትወርፕ ቋጠርኩ፤
ምን ብዬ እንደምልክ ጨንቆኝ፣ «ቀዝቅዞም ይበላል» ብዬ ጻፍኩ።
ሴቪም የእኛን እርድ አትቀምስም፤ ዕቃም ባዶውን አይመለስ፤
ድስቷን ብርቱካን ሞላሁት፣ ክዳኑ ድረስ እስኪደርስ።

ፈረሰኛው የአባወራ ነውና፣ ሳህኔ ላይ እሱ ቀረ።
በላሁት። ትንሽ ደርቋል።
ሴቪም ነግራኝ ነበረ።